የረገፈ ቀንድ ለመልቀም የጊዜ ገደብ ያስፈልጋልን?

ባለቤቱ የተወውን ነገር ማንሳት ማንንም አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ በየትኛውም ኅብረተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። ከዛፍ የረገፈ ቅጠል፣ ከወፍ ክንፍ የወደቀ ላባ፣ እባብ ገፎ የጣለው ቆዳ የማንም ንብረት አይደለም እንላለን። አንድ እንስሳ በተፈጥሮው ሥርዓት ጥሎት የሄደውን አካል ያነሳ ሰው እንስሳውን አልገደለም፣ አላቆሰለም፣ አላጠመደም። ታዲያ በዩናይትድ ስቴትስ ምዕራባዊ ግዛቶች ከአጋዘን ራስ ላይ ወድቆ የተገኘን ቀንድ ማንሳት በዓመት ውስጥ ለአራት ወራት ያህል በሕግ የተከለከለው ለምንድን ነው? ክልከላውስ ተገቢ ነውን?

ጥያቄው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በውስጡ የሰው ነፃነት፣ የቤተሰብ ገቢና በበረዶ ወራት የሚራቡ እንስሳት ሕልውና ተያይዘው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱንም ወገን ክርክር መዝነን የራሳችንን አቋም እናቀርባለን። አቋማችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ ለቀማው ጨርሶ መከልከል የለበትም፤ ነገር ግን በጊዜና በቦታ መገደብ አለበት። ጉዳቱን የሚያመጣው ቀንዱን ፍለጋ የሚጓዘው እግር ነውና ሕጉም የሚመለከተው ያንን እግር ሊሆን ይገባል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀንድ ሁሉ አንድ አይደለም

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቀንድ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ቀንድ» የምንለው አንድ ቃል በሥነ ሕይወት ሁለት የተለያዩ አካላትን ያጠቃልላል። የበሬ፣ የፍየል፣ የዋልያ፣ የድኩላና የደጋ አጋዘን ቀንድ ከውስጥ አጥንት ሲሆን ከውጭ ደግሞ ጥፍርና ፀጉር በተሠሩበት ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን የተሸፈነ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀንድ ከእንስሳው ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል እንጂ አይረግፍም።

በሌላ በኩል ሰርቪዴ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡትና እኛ በዘልማድ «አጋዘን» የሚለውን ስም የምንሰጣቸው እንስሳት ቀንድ ከላይ እስከ ታች አጥንት ነው። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ከሥሩ ተላቆ ይወድቃል፤ በቦታውም አዲስ ይበቅላል። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነ የዱር እንስሳ በኢትዮጵያ የለም። በአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም በአልጄሪያና በቱኒዝያ ደኖች የሚኖረው ቀይ አጋዘን ነው። በመሆኑም በአገራችን ጫካ ወድቆ የተገኘ ቀንድ የሞተ እንስሳ ምልክት ሲሆን፣ በዋዮሚንግ ወይም በኮሎራዶ ተራራ ላይ የተገኘ ቀንድ ግን ባለቤቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያ ማለፉንና ምናልባትም አሁን በቅርብ መኖሩን ያመለክታል። የክርክሩም መነሻ ይህ ቅርበት ነው።

የአጋዘን ቀንድ ማደግ ሲጀምር ደም ሥርና ነርቭ ባለው ለስላሳ ፀጉራም ቆዳ የተሸፈነ ነው። በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ከሚታወቁት እጅግ ፈጣን ዕድገት ካላቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ኤልክ በተባለው ትልቅ አጋዘን ላይ በፈጣኑ የዕድገት ወቅት በቀን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል። ዕድገቱ ሲያበቃ ቆዳው ተገፎ ይወድቃል፤ ወንዶቹም በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ገደማ ለእንስት ሲሉ በዚሁ ቀንድ ይፋለማሉ። የመራቢያው ወቅት ካለፈ በኋላ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን መጠን ይቀንሳል። ይህን ተከትሎ አጥንትን የሚያሟሙ ሕዋሳት በቀንዱና በራስ ቅሉ መካከል ያለውን መጋጠሚያ እያሳሱት ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ቀንዱ ይወድቃል። ጆሮው እንደ በቅሎ ጆሮ ረጅም በመሆኑ ሚዩል ዲር የሚል ስም ያገኘው አጋዘን ቀንዱን በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይጥላል። ኤልክ ደግሞ በአብዛኛው በማርችና በኤፕሪል ይጥላል። እነዚህን ወራት አንባቢ በልቡ እንዲይዛቸው እንጠይቃለን።

የረሃቡ ወራት

በሮኪ ተራሮች አካባቢ በረዶው ሲከብድ ኤልክና ሚዩል ዲር ከከፍተኛው ተራራ ወርደው በረዶ ወደሚሳሳባቸው ሸለቆዎችና ፀሐይ ወደሚያገኙ ተዳፋቶች ይሰበሰባሉ። በዚያ የሚያገኙት መኖ ደረቅ ሣርና የቁጥቋጦ ጫፍ ነው። የምግብ ይዘቱ አነስተኛ በመሆኑ እንስሳው ቀኑን ሙሉ ቢበላ እንኳ የሚያወጣውን ኃይል ያህል አያገኝም። ጉድለቱን የሚሞላው በበጋው ወራት በሰውነቱ ካጠራቀመው ስብ ነው። አንድ ሚዩል ዲር በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የሰውነቱን ክብደት 20 በመቶ ያህል ሊያጣ ይችላል።

ይህንን ጊዜ በሕይወት ለማለፍ እንስሳቱ የሚጠቀሙበት ብልሃት ቁጠባ ነው። እንቅስቃሴያቸውን ይቀንሳሉ፤ ከነፋስ ተከልለው ይተኛሉ፤ ባልተነካ በረዶ ውስጥ ከመሄድ ይቆጠባሉ። እስከ ደረት በሚደርስ በረዶ ውስጥ መሮጥ በደረቅ መሬት ላይ ከመሮጥ እጅግ የበዛ ኃይል ይጠይቃል። እንስቶቹ ደግሞ በዚሁ ጊዜ እርጉዞች ናቸው። ግልገሎቹ የሚወለዱት በሜይ መጨረሻና በጁን ሲሆን፣ ፅንሱ በፍጥነት የሚያድግበትና ከእናቱ ብዙ ምግብ የሚጠይቅበት ጊዜ የእናቱ ስብ ከሚያልቅበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ወንዶቹም ቢሆኑ በመራቢያው ወቅት ሲፋለሙ ከርመው ስለሚደክሙ ወደ በረዶው ወራት የሚገቡት ስባቸው ተሟጥጦ ነው።

እንግዲህ ቀንዱ የሚወድቅበት ጊዜ እንስሳው በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚደክምበት ጊዜ ነው፤ ቀንዱ የሚወድቅበት ቦታም እንስሳው የተጠለለበት ቦታ ነው። ለቃሚው ቀድሞ ለመድረስ ከፈለገ ወደዚያው መሄድ አለበት። በእግሩ፣ በፈረስ፣ በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ወይም ለዚሁ የሠለጠነ ውሻ ይዞ ተዳፋቱን ያስሳል። የሚፈልገው የተበታተነ ነገር ስለሆነ በአንድ መንገድ ብቻ አያልፍም፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ፣ የመኝታውን ቦታ ሁሉ ይዞራል። መንጋው ይነሣል፤ ይሮጣል፤ ሌላ ተዳፋት ላይ ይቆማል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ግኝት አለ። በ1986 የታተመ በኮሎራዶ የተደረገ ጥናት ሚዩል ዲር በበረዶ ወራት በእግር ለሚሄድ ሰውና በበረዶ ላይ ለሚሄድ ሞተር የሚሰጡትን ምላሽ አነጻጽሮ ነበር። እንስሳቱ ከሞተሩ ይልቅ በእግር ከሚሄደው ሰው አብዝተው ይሸሹና ረዘም ላለ ጊዜ ይታወኩ ነበር። ጸጥ ብሎ የሚሄድ ብቸኛ ለቃሚ «እኔ ጉዳት አላደርስም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የእንስሳቱ ስሜት ግን ከእርሱ ግምት ጋር አይስማማም።

ገበያው ያመጣው ጥድፊያ

በሰሜን አሜሪካ ቀንድ መልቀም ለብዙ ቤተሰብ የቆየ መዝናኛ ነው። አባት ከልጁ ጋር ወጥቶ አንድ ሁለት ቀንድ ይዞ መመለሱ በራሱ ማንንም ባላሳሰበም ነበር። ነገሩን የለወጠው ዋጋው ነው። ቀንድ ለቢላ እጀታ፣ ለአዝራር፣ ለመብራት መስቀያና ለቤት ዕቃ ማስጌጫ ይፈለጋል። በምሥራቅ እስያ ባሕላዊ መድኃኒት ውስጥም ጥንታዊ ቦታ አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለቤት ውሻ ማኘኪያነት በሰፊው ይሸጣል። የአንድ ጎልማሳ ኤልክ ሁለት ቀንዶች በአንድነት እስከ 18 ኪሎ ግራም ሊመዝኑ የሚችሉ ሲሆን፣ ጥሩ ይዘት ያለው ቀንድ አንድ ፓውንዱ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል። አንድ መልካም ቀን ለለቃሚው የብዙ ቀን ደመወዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ገበያ የታወቀ ምሳሌ የምትሆነው በዋዮሚንግ የምትገኘው የጃክሰን ከተማ ናት። ከከተማዋ አጠገብ በ1912 የተቋቋመው ብሔራዊ የኤልክ መጠለያ በበረዶ ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ ኤልኮች የሚሰበሰቡበት ነው። በመጠለያው ውስጥ ግለሰብ ቀንድ እንዲያነሳ አይፈቀድም። በምትኩ መንጋው ወደ ተራራ ከወጣ በኋላ የአካባቢው ስካውት ልጆች ቀንዱን ይለቅማሉ፤ ከ1968 ጀምሮም በየዓመቱ በሜይ ወር በከተማዋ አደባባይ በጨረታ ይሸጣል። ከሽያጩ 75 በመቶ የሚሆነው ለመጠለያው ሥራ ተመልሶ ይውላል። በዚያው አደባባይ አራት ማዕዘን ላይ የቆሙት ቅስቶች ከዚሁ ቀንድ የተሠሩ ሲሆኑ የመጀመሪያው የተተከለው በ1953 ነው። እንግዲህ ለቀማና ጥበቃ በአንድ ቦታ ሊኖሩ እንደሚችሉ ጃክሰን ራሷ ምስክር ናት፤ የሚለያያቸው መንጋው ከሄደ በኋላ መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው።

ግዛቶቹ የወሰዱት እርምጃ

ዋዮሚንግ በ2009 ለዱር እንስሳት ኮሚሽኑ የለቀማውን ጊዜ የመወሰን ሥልጣን በሕግ ሰጠ። በዚህም መሠረት በግዛቱ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኙ የሕዝብ መሬቶች ላይ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ለቀማ ተከለከለ። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ሦስተኛ ሳምንት መሆኑ ነው። ኮሎራዶም በ2018 ከሰሜን ወደ ደቡብ ግዛቱን ከሚያቋርጠው ኢንተርስቴት 25 ከተባለው አውራ ጎዳና በስተ ምዕራብ ባሉት የሕዝብ መሬቶች በሙሉ ለተመሳሳይ አራት ወራት ለቀማን ከለከለች። የኮሎራዶው ደንብ ማንሳትን ብቻ ሳይሆን መፈለግንና ለኋላ እንዲሆን በአንድ ቦታ መከመርንም ይጨምራል። በዴንቨርና በአካባቢዋ የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን በተራራው ላይ በእግር ሲንሸራሸሩ ያገኙትን ቀንድ ለልጆቻቸው ማሳያ ብለው ቢያነሱ እንኳ ደንቡ ይመለከታቸዋል።

ዩታ ግን ለረጅም ጊዜ የተከተለችው መንገድ ሌላ ነበር። በበረዶው ወራት ለቀማ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ነፃ የሥነ ምግባር ትምህርት እንዲወስድ ትጠይቅ ነበር እንጂ አትከለክልም ነበር። የ2023 በረዶ እጅግ ሲከብድ ግን ትምህርቱ ብቻውን በቂ ሆኖ ስላልተገኘ በፌብሩዋሪ ወር ለቀማው በግዛቱ በሙሉ በአስቸኳይ ውሳኔ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ተዘጋ። የዚያ ዓመት በረዶ በዋዮሚንግ ምን እንዳደረሰ ማስታወስ ተገቢ ነው። ተመራማሪዎች በዋዮሚንግ ሬንጅ ተራሮች የሚገኘውን የሚዩል ዲር መንጋ የራዲዮ አንገትጌ አጥልቀው ይከታተሉት ነበር፤ አንገትጌ ካጠለቁላቸው ግልገሎች አንድም ከበረዶው አልተረፈም። ከእናቶቹም የሚበዙት ሞቱ። ይህን ያደረሰው በረዶው እንጂ ለቃሚው አይደለም። ነገር ግን ሞትና ሕይወት በጥቂት ኪሎ ስብ በሚለያዩበት ጊዜ ያለ ፍላጎቱ ያንን ስብ እንዲያቃጥል እንስሳውን ማስገደድ ቀላል ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ በባለቤትነት ላይ የተመሠረተ መንገድ እናገኛለን። በጀርመን ሕግ የረገፈ ቀንድ የአደን መብት ላለው ሰው ብቻ የሚገባ ነው፤ ያለ ፈቃድ ያነሳ ሰው እንደ ሕገ ወጥ አዳኝ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሥርዓት በደኑ የሚዘዋወሩትን ለቃሚዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ግልጽ ነው። ሆኖም መነሻው የሰው መብት እንጂ የእንስሳው ረሃብ አይደለም። ባለመብቱ ራሱ በጃንዋሪ ወጥቶ መንጋውን ቢያውክ የባለቤትነት ሕጉ በራሱ አያስቆመውም። የሕዝብ መሬት በሰፊው ባለበት፣ ለምሳሌ ከምድሩ ግማሽ የሚጠጋው የፌዴራሉ መንግሥት በሆነበት በዋዮሚንግ፣ የጀርመኑን ሥርዓት መኮረጅ አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም።

የተቃዋሚዎች ክርክር ሲመዘን

ገደቡን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሷቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። የመጀመሪያው «በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው፣ በሞተር የሚዝናናው፣ ውሻውን የሚያንሸራሽረው ሁሉ እንስሳቱን ያውካል፤ ለምን ለቃሚው ብቻ ይከለከላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልሳችን ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ለቃሚው ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለ፤ ሌላው በተለመደ መንገድ ሲያልፍ እንስሳት ሊለምዱት ይችላሉ፤ ለቃሚው ግን ሆን ብሎ የሚሄደው እንስሳው ወዳለበት ነው። በሌላ በኩል ተቃዋሚዎቹ ያነሱት ነጥብ የሚያስረዳው ገደቡ መነሣት እንዳለበት ሳይሆን መስፋት እንዳለበት ነው። መንጋው በሚተኛባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ላይ በእነዚያ ወራት ለማንኛውም ሰው መግባት ቢከለከል የተሻለ ይሆናል። በርካታ እንዲህ ያሉ የተዘጉ ቦታዎች አሉ፤ በሞንታናም ለዱር እንስሳት በተከለሉ ብዙ ቦታዎች እስከ ሜይ 15 እኩለ ቀን ድረስ ማንም አይገባም።

ሁለተኛው ክርክር ማስረጃን ይመለከታል። «መንጋው መታወኩ ይታያል፤ ግን የመንጋው ቁጥር በዚህ ምክንያት መቀነሱን ማን አረጋገጠ?» ይላሉ። ሳይንሳዊ ጥያቄ በመሆኑ ሳይንሳዊ መልስ ይገባዋል። የለቀማን ውጤት ከበረዶ፣ ከድርቅ፣ ከአዳኝ አውሬና ከመንገድ ሥራ ለይቶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን በቅርብ የሚዛመድ ማስረጃ አለ። በ2000 የታተመ በኮሎራዶ የተደረገ ጥናት ተመራማሪዎች ሆን ብለው በወሊድ ወቅት እንስት ኤልኮችን በእግር እየቀረቡ እንዲነሡ አደረጉ። በታወኩት ዘንድ ለአንድ እናት የሚገኘው የግልገል ቁጥር ካልታወኩት ጋር ሲነጻጸር ቀነሰ። በ2005 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሁከቱ ከቆመ በኋላ የግልገሎቹ ቁጥር ወደ ቀድሞው መመለሱን አሳየ። ጥናቱ የወሊድን እንጂ የበረዶን ወራት የሚመለከት አይደለም። ቢሆንም ሁለት ነገር ያስተምረናል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ብቻውን የመንጋን ምርት ሊቀንስ እንደሚችልና ሰውየው ሲቀር ጉዳቱ ሊጠገን እንደሚችል። ርካሽና ሊመለስ የሚችል እርምጃ ለመውሰድ ሙሉ ማስረጃ እስኪገኝ መጠበቅ አስተዋይነት አይመስለንም።

ሦስተኛው ክርክር «ሕግ ሳይሆን ትምህርት ይበቃል» የሚል ነው። በትምህርት ኃይል እናምናለን፤ ይህ መጽሔትም የቆመው በዚያ እምነት ላይ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ትምህርት ብቻውን የሚሸነፍበትን ምክንያት ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ለቃሚዎች አሉ እንበል። ሁለቱም እንስሳቱን ይወዳሉ፤ ሁለቱም እስከ ሜይ ቢታገሡ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ታገሠ፤ ሁለተኛው ግን በማርች ወጣ። በሜይ የመጀመሪያው ሲደርስ ቀንዱ ተለቅሞ አልቋል። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውም በማርች ይወጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ላለመቀደም በፌብሩዋሪ። በዚህ መንገድ መልካሙ ሰው በመልካምነቱ ምክንያት ይከስራል፤ ማንም ሳይፈልገው ጥድፊያው ወደ በረዶው መሀል ይሳባል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ሁሉንም እኩል የሚያስር የጋራ ቀን ብቻ ነው። ቀንዱ በአራት ወር ውስጥ አይበሰብስም፤ በጃንዋሪ የወደቀው በሜይም ይገኛል። ሁሉም እኩል ከታገሠ ከመታገሥ የሚመጣ ኪሳራ የለም ማለት ነው። ስለሆነም ገደቡ ለታማኙ ሰው ሸክም ሳይሆን ከለላው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዘመናት ያስተዳደረው ቄሮ በተባለ ሥርዓት ነበር። በአባ ቄራ መሪነት ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል። ቀድሞ የሚያጭድ አንድ ሰው የሌላውን ትዕግሥት ከንቱ እንደሚያደርግ የመንዝ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ልዩነቱ በመንዝ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሣሩ ሲሆን በዋዮሚንግ ዕረፍት የሚያስፈልገው ቀንዱን የጣለው እንስሳ መሆኑ ነው።

አራተኛው ክርክር የማስከበር አቅምን ይመለከታል። ጥቂት ጠባቂዎች ያንን ሁሉ ተራራ እንዴት ይቆጣጠራሉ? እውነት ነው፤ ሕግ አፍራሽ ሁልጊዜ ይኖራል። ነገር ግን የቀን ገደብ ከሌሎች ሕጎች ይልቅ ለማስከበር ይቀላል። የዱር እንስሳን ማወክ ቀድሞውንም የተከለከለ ነው፤ ሆኖም አንድ ሰው መንጋውን ማስሮጡን ለማስረዳት ድርጊቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በተዘጋ ወር በሕዝብ መሬት ላይ ቀንድ ተሸክሞ የተገኘ ሰው ግን ክርክር የለውም።

ገደቡ ምን መሆን የለበትም?

ገደቡን እንደግፋለን ስንል በስሙ የሚደረገውን ሁሉ እንደግፋለን ማለታችን አይደለም። ዋዮሚንግ ከ2024 ጀምሮ የግዛቱ ነዋሪዎች ከሌሎች በ7 ቀናት ቀድመው እንዲለቅሙ ፈቅዳለች። በመክፈቻው ቀን ጃክሰን አጠገብ የሚሰለፉትን መኪኖች ብዛት ያየ ሰው ምክንያቱን ሊረዳ ይችላል። ይሁንና ሜይ 1 ላይ መንጋውን የሚያውከው እግር የነዋሪ ይሁን የእንግዳ ለኤልኩ ልዩነት የለውም። ለእንስሳት ጥበቃ ተብሎ የወጣ ሕግ የገበያ ድርሻ ማከፋፈያ ሲሆን ሕዝቡ በሕጉ ዓላማ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። ከዚህ ይልቅ የመክፈቻው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ወደ ንጋቱ 12 ሰዓት መዛወሩን የተሻለ እርምጃ አድርገን እንመለከተዋለን፤ በጨለማ ተራራ ላይ መሯሯጥ ለሰውም ለእንስሳም አይበጅምና።

ቀኑም ከበረዶው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በረዶው ዘግይቶ በሚቀልጥበት ዓመት ሜይ 1 ለመንጋው ገና የረሃብ ቀን ሊሆን ይችላል። የዱር እንስሳት ባለሥልጣናት የእንስሳቱን የሰውነት ይዘትና የበረዶውን ጥልቀት ተመልክተው ቀኑን የማራዘም ሥልጣን ሊኖራቸው ይገባል። ዩታ በ2023 ያደረገችው ይህንኑ በመሆኑ ምሳሌነቷ ሊጠቀስ ይገባል።

በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ግን ሙሉ ክልከላው እንዳለ መቀጠል አለበት። በየሎስቶን ቀንድ ማንሳት በማንኛውም ወር የተከለከለ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የረገፈ ቀንድ በካልስየምና በፎስፈረስ የበለጸገ በመሆኑ አይጥ፣ ሽኮኮና ጃርት ያኝኩታል፤ አንዳንድ ጊዜም አጋዘን ራሱ ያኝከዋል። ከዚህም በላይ ቀንድ የታሪክ መዝገብ ነው። ጆሹዋ ሚለር የተባሉት ተመራማሪ በየሎስቶን መሬት ላይ የተበተኑትን የኤልክ ቀንዶችና አጥንቶች በማጥናት መንጋው የት እንደሚከርምና የት እንደሚወልድ ከእነርሱ ማንበብ እንደሚቻል በ2012 አሳይተዋል። በአላስካ አርክቲክ ምድር ደግሞ የካሪቡ እንስቶች በወሊድ ሰሞን የጣሏቸው ቀንዶች በቅዝቃዜው ምክንያት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብሱ ስለሚቆዩ የጥንቱን የወሊድ ቦታ ይናገራሉ። ማንም የማይነካው ጥቂት መሬት ከሌለ ይህ መዝገብ ሳይነበብ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ቀንዱን የጣለው እንስሳ ስለ ቀንዱ አይከራከርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ያበቅላል። ሌላውን ለማብቀል ግን በመጀመሪያ በሕይወት ወደ ሜይ መድረስ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ስብና ጥቂት ጸጥታ ነው። ስቡን ሰው ሊሰጠው አይችልም። ጸጥታውን ግን ለአራት ወራት ሊነፍገውም ሊሰጠውም ይችላል።

በመሆኑም በሕዝብ መሬት ላይ የረገፈ ቀንድ መልቀም በበረዶ ወራት የተዘጋ፣ በረዶው ሲቀልጥ ለሁሉም እኩል የተከፈተ፣ በብሔራዊ ፓርኮችም ጨርሶ የተከለከለ ሊሆን ይገባል ብለን እናምናለን። ተማሪዎችም ከዚህ ጉዳይ አንድ ጠቃሚ ትምህርት እንዲወስዱ እንመክራለን። አንድ ድርጊት ጉዳት አለው ወይስ የለውም ብለን ስንጠይቅ የተወሰደውን ዕቃ ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ዕቃው የተወሰደበትን ጊዜ፣ ቦታና መንገድ ጭምር መመርመር ይገባል። ሥነ ምህዳር የተባለው ሳይንስ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።